ሮቢን ዊልያምስ በማራኪ፦ የአንድ የጎንደር ካፌ የቅዳሜ ምሽት ፊልሞች

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ አንድ ካፌ በየወሩ አንድ የፊልም ወይም የመድረክ ባለሙያ ይመርጥና የዚያን ሰው ሥራዎች በተከታታይ ቅዳሜ ምሽቶች ያሳያል። ያለፈው ወር ተረኛ አሜሪካዊው ስታንድ አፕ ኮሜዲያንና ተዋናይ ሮቢን ዊልያምስ ነበር። መግቢያው አንድ ስኒ የጀበና ቡናን ጨምሮ 120 ብር ሲሆን፣ የተማሪ መታወቂያ ለያዘ 70 ብር ነው። አገልግሎቱ የቀረበው በአንድ ሰው ሕይወትና ሥራ ዙሪያ ስለሆነ፣ ስለ ወንበሩና ስለ ድምፁ ብቻ ጽፎ ማለፍ ፍርዱን ጎዶሎ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ስለ ኮሜዲያኑም ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ የፕሮግራሙ አደረጃጀት ከጠበቅሁት በላይ ነው፤ የድምፁ ጥራት ግን ለተከፈለው ገንዘብ አይመጥንም።

አደረጃጀቱ እንዲህ ነው። በየምሽቱ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል የዊልያምስ የመድረክ ቀልድ ይታያል፤ ከዚያ አጭር የቡና ዕረፍት ይሰጥና በዚያው ዘመን አካባቢ የሠራው አንድ ፊልም ይቀርባል። ቀላል የሚመስለው ይህ ውሳኔ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። እዚህ ከተማ ውስጥ ዊልያምስን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያውቀው በፊልም ነው። ገሚሱ በልጅነቱ «ጁማንጂ»ን አይቷል፤ ገሚሱ እንደ ሴት ለብሶ የገዛ ልጆቹ ሞግዚት የሆነውን አባት ያስታውሳል። ማይክራፎን ይዞ በመድረክ ላይ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ የሚሮጠውን ሰው ያየው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ በፊልሞቹ ውስጥ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ሐኪም ወይም መምህር በተፈጥሮው ረጋ ያለ ሰው እንዳልነበረ፣ ዝምታውን እንደ ማንኛውም የትወና ሥራ ደክሞ እንደሠራው በግልጽ ይታያል። የካፌው አዘጋጆች ይህን በቃል አልነገሩንም። በቅደም ተከተሉ ብቻ አሳዩን፤ እኔ ለፕሮግራሙ የምሰጠው ትልቁ ምስጋናም ለዚህ ነው።

በር ላይ ለእያንዳንዱ ተመልካች አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ይሰጣል። የኮሜዲያኑ ዋና ዋና ዓመታት በአጭሩ ተዘርዝረውበታል፤ ተጣርቶ የተጻፈ በመሆኑም ደስ ብሎኛል። ዊልያምስ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 1951 በቺካጎ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የፎርድ መኪና ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊ ሲሆኑ፣ እናቱ ቀድሞ ሞዴል የነበሩ ሴት ናቸው። የችግር ልጅ አልነበረም። ችግሩ ብቸኝነት ነበር፤ በሰፊ ቤት ውስጥ በአሻንጉሊት ወታደሮች እየተጫወተ፣ ለእያንዳንዱ ወታደር የተለያየ ድምፅ እየሰጠ አደገ። በ1973 ኒው ዮርክ በሚገኘው ጁሊያርድ በተባለው ስመ ጥር የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በኋላ ሱፐርማንን ከተጫወተው ከክሪስቶፈር ሪቭ ጋር አብሮ ተማረ፤ የዕድሜ ልክ ወዳጅነታቸውም ከዚያ ይጀምራል። በ1976 ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጥቶ ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰና በየምሽት ክበቡ መቀለድ ጀመረ።

ታዋቂ ያደረገው ቴሌቪዥን ነው። በ1978 መጀመሪያ ላይ በአንድ ታዋቂ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ሞርክ የተባለ ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ሰው ሲፈለግ ዊልያምስ ለፈተና ቀረበ። አዘጋጁ ጋሪ ማርሻል «ተቀመጥ» ሲሉት ወንበሩ ላይ በጭንቅላቱ ተቀመጠ፤ ሚናውን ያገኘውም በዚያው ነው። ገጸ ባሕርይው ተወደደና በዚያው ዓመት ለብቻው «ሞርክ ኤንድ ሚንዲ» የተባለ ፕሮግራም ተሠራለት፤ እስከ 1982ም ቆየ። በስቱዲዮው የነበሩት ካሜራዎች ከቦታ ቦታ ሲዘል ሊከተሉት ስላልቻሉ፣ እርሱን ብቻ የሚከታተል ተጨማሪ ካሜራ መመደብ ግድ ሆነ ይባላል። በመጀመሪያው ምሽት ከዚህ ፕሮግራም አንድ ክፍል ብቻ ታየ፤ እውነቱን ለመናገር አርጅቷል። የስቱዲዮ ተመልካቾች ሳቅ በየመሃሉ ይገባል፤ ታሪኩም ቀጭን ነው። ወጣቶቹ ስልካቸውን ማየት የጀመሩትም በዚህ ጊዜ ነበር። አዘጋጆቹ ይህን አሳጥረው ለመድረኩ ቀልድ ተጨማሪ ጊዜ ቢሰጡ በተሻለ ነበር።

ሁለተኛው ምሽት የፕሮግራሙ ከፍታ ነው። መጀመሪያ የታየው በ1986 በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት ያቀረበው ትርኢት ነው። ያን ጊዜ ዊልያምስ ከከባድ ሱስ የወጣ ሰው ነበር። በማርች 1982 ወዳጁና የሙያ ጓደኛው ጆን ቤሉሺ አደንዛዥ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ ሲሞት፣ በዚያችው ሌሊት ዊልያምስም ጎራ ብሎ አይቶት ተመልሶ ነበር። ድንጋጤውና በዓመቱ የተወለደው የመጀመሪያ ልጁ ተደማምረው ኮኬይኑንም መጠጡንም አስተዉት። በኦፔራ ቤቱ መድረክ ላይ ስለ ሱሱ ሲናገር ራሱን አያዝንለትም፤ ያላግጥበታል እንጂ። ወደ መጨረሻው ገደማ ስለ ትንሹ ልጁ ሲናገር ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል። ያን ሁሉ ድምፅ ያወጣ የነበረው ሰው አንድ አባት ብቻ ሆኖ ይቆማል። እኔ እንደማስበው በኋላ በፊልም የምናየው ተዋናይ የተወለደው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ከቡናው በኋላ የ1987ቱ «ጉድ ሞርኒንግ ቬትናም» ቀረበ። ታሪኩ በ1965 ሳይጎን ውስጥ በአሜሪካ ጦር ሬድዮ ጣቢያ ይሠራ በነበረ ኤድሪያን ክሮናወር በተባለ እውነተኛ ሰው ላይ የተመሠረተ ይሁን እንጂ፣ ማይክራፎኑ ፊት የሚዘንበውን ንግግር አብዛኛውን ዊልያምስ ራሱ በቅጽበት የፈጠረው ነው። ለኦስካር ለመጀመሪያ ጊዜ የታጨውም በዚህ ፊልም ነው። ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ችሎታ ለመመዘን የሚያስችል ጆሮ አለው ብል ማጋነን አይሆንም። አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል!» የሚል ደንበኛ ስንኝ ሲወረውር፣ አዝማሪው መሰንቆውን ሳያቆም ይቀበላል፤ ከዚያም ደንበኛውን፣ አጠገቡ የተቀመጠችውንና ሒሳብ የሚቀበለውን ሳይቀር በገዛ ስንኙ ጠቅ ያደርጋል። ዊልያምስም ከተመልካች የተወረወረለትን አንድ ቃል ይዞ ወደ ፈለገበት ይበርራል። ልዩነቱ አዝማሪው ቀጣዩን ስንኝ እስኪያበጅ ድረስ መሰንቆው ዜማውን ይዞ ይጠብቀዋል፤ ዊልያምስ ግን የሚጠብቀው ነገር የለውም። ክፍተቱን የሚሞላው ድምፅ በመቀያየር ነው። አሁን ሩሲያዊ፣ ወዲያው አሮጊት፣ ወዲያው ሰባኪ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ለቀጣዩ የማሰቢያ ጊዜ ይገዛለታል። ይህን ካስተዋሉ በኋላ ትርኢቱን ማየት ሌላ ደስታ አለው።

ቀልዱ ሁሉ ለሁሉም ሰው ነው ማለት ግን አይደለም። በመድረክ ላይ የሚጠቀማቸው ቃላት ብዙ ጊዜ ብልግና ያለባቸው ናቸው። ካፌው በማስታወቂያው ላይ ፕሮግራሙ ለአዋቂዎች መሆኑን መጻፍ ነበረበት፤ አልጻፈም። አንድ አባት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ለመውጣት ተገደዋል፤ ባለቤቲቱም በር ድረስ ተከትላ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ገንዘባቸውን መልሳለች። መመለሷ የሚመሰገን ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ መስመር ማስታወቂያ ሁሉንም ባስቀረው ነበር።

ስለ አዳራሹ ልናገር። በምድር ቤቱ በስተጀርባ ያለ ሰፋ ያለ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ተወጥሮ ፕሮጀክተሩ እዚያ ላይ ያበራል። ሥዕሉ በቂ ነው። ወንበሮቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ትራስ ለሚፈልግ ይሰጣል። ቡናው እዚያው ክፍል ጥግ ላይ ይፈላል። የቡናው ጭስና የዕጣኑ ጢስ በፕሮጀክተሩ ብርሃን ውስጥ እየተጥመለመለ ሲያልፍ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ከፊት ለተቀመጠ ግን ዓይን ያቃጥላል። ዋናው ጉድለት ድምፁ ነው። ሁለቱ ስፒከሮች ጣሪያው ሥር ተሰቅለው ወደ ታች ዘንበል ስላላሉ፣ ድምፁ ቆርቆሮው ላይ እያስተጋባ ይመለሳል። ለጦርነት ፊልም ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። በደቂቃ ውስጥ አሥር ድምፅ ለሚቀያይር ኮሜዲያን ግን ሞት ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከሥር ባይኖር ኖሮ ግማሹ ባመለጠን ነበር። በአንዱ ምሽት ደግሞ ዝናብ ጣለና፣ የጎንደርን ክረምት የሚያውቅ ሰው እንደሚገምተው፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ምንም አልተሰማም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሣል፤ በዚህ በኩል የሚወቀሱበት ነገር የለም።

ሌላ ሳልጠቅስ የማላልፈው ጉዳይ አለ። ፊልሞቹ ከየት እንደመጡ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ከጓደኛ» የሚል ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሥራ ላይ ከዋለ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ገንዘብ እያስከፈሉ ፊልም ማሳየትም ጉዳዩን ከቤት ውስጥ ጨዋታ ያወጣዋል። ይህ የዚህ ካፌ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ይህን ያህል አስበው ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህንንም ቢያስቡበት ያምርባቸዋል።

ሦስተኛው ምሽት በ1990 የወጣው «አዌክኒንግስ» ነበር። ዳይሬክተሯ ፔኒ ማርሻል፣ ዊልያምስን ሞርክ ያደረጉት የጋሪ ማርሻል እኅት ናት። ፊልሙ የነርቭ ሐኪሙ ኦሊቨር ሳክስ በ1969 በኒው ዮርክ ብሮንክስ ባጋጠማቸው እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በተዛመተ የአንጎል ብግነት ምክንያት ለአሥርተ ዓመታት ሳይንቀሳቀሱና ሳይናገሩ የኖሩ ሕሙማን፣ ኤል-ዶፓ የተባለ መድኃኒት ሲሰጣቸው ይነቃሉ፤ ንቃታቸው ግን አይዘልቅም። ታማሚውን ሮበርት ዴ ኒሮ፣ ሐኪሙን ዊልያምስ ይጫወታሉ። ለኦስካር የታጨው ዴ ኒሮ ነው፤ በካፌው ውስጥ የታየው ግን ሌላ ነገር ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል የመድረክ ቀልዱን አይተን ስንጨርስ፣ ያ ሰው ዓይን ለዓይን ማየት የሚያፍር፣ ቃል ፈልጎ የሚያጣ፣ ከሰው ይልቅ ከዕፅዋት ጋር መሆን የሚቀለው ሐኪም ሆኖ መጣ። መጀመሪያ ላይ አንዳንዶች ቀልድ እየጠበቁ ቀድመው ሳቁ፤ ሳቁ ግን የሚያርፍበት አጥቶ ቀረ። ሐኪሙ ድንጋይ መስለው ለተቀመጡት ሕሙማን ኳስ ይወረውራል፤ እነርሱም ይቀልቧታል። እዚያ ላይ የዊልያምስን ፊት ተመልከቱት። አይጮህም፣ እጁን አያወራጭም፤ ደስታው እስከ ከንፈሩ ጫፍ ይመጣና እዚያው ይታገዳል። ሰውየው ምን ያህል ጉልበት አፍኖ እንደያዘ የሚያውቀው ከአንድ ሰዓት በፊት በመድረክ ላይ ያየው ተመልካች ብቻ ነው። በመጀመሪያ ነርሷ ቡና እንጠጣ ብላ ስትጋብዘው ሰበብ ፈጥሮ ያመልጣል፤ በመጨረሻ ራሱ ሮጦ ተከትሏት ይጋብዛታል። ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይህን ያየ ተመልካች እንዴት እንዳጨበጨበ መገመት አያዳግትም።

በተማሪዎች ጥያቄ በአንድ የሥራ ቀን ተጨማሪ ሆኖ ስለቀረበው የ1998ቱ «ፓች አዳምስ» ብዙ አልልም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ ተቋም እንደመሆኑ፣ ሕሙማንን በቀልድ ስለሚያክም ሐኪም የሚናገር ፊልም እዚህ ደንበኛ አያጣም። ፊልሙ ግን ተመልካቹን ለማስለቀስ እጅግ ይቸኩላል፤ ታሪኩ የተወሰደባቸው ሐኪም እንኳ በሥራው እንዳልተደሰቱ ተናግረዋል። በዚህ ፈንታ በ2002 የወጣውንና ዊልያምስ በፎቶ ማጠቢያ ቤት የሚሠራ ብቸኛና አስፈሪ ሰው ሆኖ የተጫወተበትን «ዋን አወር ፎቶ» ቢያሳዩ የሰውየው ሌላኛው ገጽታ በታየ ነበር።

የመጨረሻው ምሽት የመድረክ ክፍል በ2002 በብሮድዌይ ካቀረበው ትርኢት የተወሰደ ነው። ጎልፍ እንዴት እንደተፈለሰፈ በሰካራም ስኮትላንዳዊ ድምፅ የሚናገርበት ክፍል ሲታይ፣ አዳራሹ ውስጥ ጎልፍ የተጫወተ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም፤ ነገር ግን በጨዋታ ትንሽ ኳስ በዱላ እያባረሩ ሜዳ ለሜዳ መሮጥን የገና ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው ማን ሊያስረዳው ይችላል? ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ሲስቁ፣ ከፊልሙ ይልቅ በእርሳቸው የሳቀው ሳይበዛ አይቀርም።

ቀጥሎ የታየው በ1997 የወጣውና በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ያሸለመው «ጉድ ዊል ሃንቲንግ» ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ታጭቶ አልተሳካለትም ነበር። ሚናው ሚስቱ የሞተችበት የሥነ ልቦና መምህር ነው። ሁለት ቦታ ላይ ላተኩር። በአንዱ፣ ቦስተን ውስጥ በአንድ የሕዝብ መናፈሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁሉን በመጽሐፍ ለሚያውቀው ወጣት ኑሮን ያልቀመሰ መሆኑን ይነግረዋል፤ ለደቂቃዎች ከወንበሩ አይነቃነቅም፣ ድምፁም አይቀየርም። በሌላው፣ ሟች ሚስቱ በእንቅልፏ ውስጥ አየር ታመልጣት እንደነበር ያወራል። ይህን ዊልያምስ በቀረጻው ላይ ከራሱ የጨመረው ነው፤ የወጣቱ ሳቅ የትወና ሳቅ አይደለም፣ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሥዕሉም በትንሹ ይርገበገባል። ኮሜዲያኑ እዚህ ተመልሶ መጥቷል፤ ሆኖም የመጣው የሚስቱ ናፍቆት ያለበትን ሰው ሳይለቅ ነው።

ከፊልሙ በኋላ የተደረገው ውይይት ለእኔ ከክፍያው በላይ ነበር። ዊልያምስ ኦገስት 11 ቀን 2014 በ63 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በዚያን ጊዜ ወሬው ሁሉ ስለ ድብርትና ስለ ቀድሞ ሱሱ ነበር። በኋላ የአስከሬን ምርመራው ሊዊ ቦዲ በተባለ የአንጎል በሽታ ክፉኛ ተጠቅቶ እንደነበር አሳየ። ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት የተነገረው ግን ፓርኪንሰን ነው የሚል ነበር። ባለቤቱ ሱዛን በ2016 በአንድ የነርቭ ሕክምና መጽሔት ላይ እንደጻፈችው፣ በመጨረሻ ፊልሞቹ በአንዱ ቀረጻ ላይ አንድ መስመር ቃለ ተውኔት መያዝ አቅቶት ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በብሮድዌይ ቲያትር በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮችን ሳይሳሳት ይወጣ የነበረ ሰው ነው። ኳስ ስለሚቀልቡት ሕሙማን በተሠራው ፊልም ውስጥ የታየው ኤል-ዶፓ እስከ ዛሬ የፓርኪንሰን ዋና መድኃኒት መሆኑን አንድ የሕክምና ተማሪ ሲያነሣ፣ ሦስተኛውን ምሽት ያየን ሁሉ ዝም አልን። ተማሪው ቀጥሎ ሊዊ ቦዲ ለምን ከፓርኪንሰንና ከአእምሮ ሕመም ጋር እንደሚምታታ፣ በአንጎል ውስጥ ፕሮቲን ተጠራቅሞ ማስታወስን፣ እንቅልፍንና ስሜትን እንዴት እንደሚያውክ በጥሩ አማርኛ አስረዳ። አንዲት ሴት ስለ እናታቸው ጠየቁት፤ እርሱም ሳይፈርድና ሳይቸኩል፣ ሆስፒታል ወስደው ለነርቭ ሐኪም እንዲያሳዩአቸው መከራቸው።

አወያዩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ስለ ታዋቂ ሰዎች አሟሟት ረጅም ንግግር ጨምሮ ሰዉ ባጃጅ ፍለጋ መውጣት ጀመረ፤ የራስን ሕይወት ማጥፋትን የመሰለ ጉዳይ በሚነሣበት ምሽት ደግሞ እርዳታ የሚገኝበትን ቦታ መናገር እንጂ የሌሎችን አሟሟት መዘርዘር አይገባም።

መሄድ ለሚፈልግ የምመክረው ይህ ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ይድረሱ፤ ከቡናው ጭስ ለመራቅ በግራ በኩል ካሉት መደዳዎች መሃለኛውን ይያዙ፤ ከሁለቱ ስፒከሮች ድምፁ በመጠኑም ቢሆን የሚለየው እዚያ ነው። ዝናብ ካዘለ ደግሞ ለሌላ ቅዳሜ ያቆዩት፤ ከመጀመሩ በፊት ቲኬት ለሚመልስ ገንዘቡን ያለ ክርክር ይመልሳሉ።